ልምምድ ያቋረጠ ድምፅ፦ ከማዜም ችሎታ ምኑ ይደክማል፣ ምኑ ይቆያል?

የማዜም ችሎታ ያለ ልምምድ ይደክማል፤ ሁሉም ክፍሉ ግን እኩል አይደክምም። ትንፋሽና ከፍ ያለ ድምፅ የማውጣት ጉልበት በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ቅኝትን ሳያዛንፉ የመያዝ ብቃት ቀስ እያለ፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ሳያውቀው ይላላል። ሥር የሰደደ ዜማ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። «ድምፄ ጠፋ» የሚለውም «አንዴ የለመዱት አይጠፋም» የሚለውም በየበኩላቸው እውነት የሚኖራቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ የሚናገረው ስለሚደክመው፣ ሌላው ስለሚቆየው ክፍል ነው።

ጥያቄው ብዙ ሰው ይነካል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር አድጎ ሥራና ትዳር ያራቀው፣ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ይዘፍን የነበረና ኋላ የተወ፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ በአገር ቤት የለመደውን ማኅሌት የሚቆምበት ያጣ፣ ሁሉም አንድ ቀን ድምፁን መልሶ ሲሞክር የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። መልሱ ከሦስት ወገን ይሰበሰባል፤ ከሰውነት ጥናት፣ ከትውስታ ጥናት፣ እንዲሁም ለረጅም ዓመታት አቋርጠው ከተመለሱ ድምፃውያን ታሪክ። እዚህ ላይ «ማዜም» ሲባል ዘፈኑንም ዝማሬውንም፣ ማኅሌቱንም እንጉርጉሮውንም ይጨምራል።

ችሎታው ከምን ከምን ይሠራል

ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ የሚገፋው አየር በማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍና ሲያርገበግባቸው ነው። አውታሮቹ በአዋቂ ሴት አንድ ሴንቲሜትር ከግማሽ፣ በአዋቂ ወንድ ሁለት ሴንቲሜትር አካባቢ ቢሆኑ ነው። ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውን የሚቃኙበትን «ላ» ለማውጣት እነዚህ ትንንሽ እጥፋቶች በሰከንድ 440 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲወጠሩ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲላሉ ይወፍራል። ከእነሱ በላይ ያለው የጉሮሮ፣ የአፍና የአፍንጫ ክፍተት ደግሞ የወጣውን ድምፅ ያጎላዋል፣ መልክም ይሰጠዋል።

ድምፃዊው ከዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ አንዱንም አያይም። ስፔናዊው የድምፅ መምህር ማኑኤል ጋርሲያ የራሱን አውታሮች በትንሽ መስታወት ለማየት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ያያል፤ ክራር ደርዳሪ ክሩን ይዳስሳል። ድምፃዊ ግን የሚመራው በጆሮውና በጉሮሮው፣ በደረቱ፣ በፊቱ አጥንት ውስጥ በሚሰማው ስሜት ብቻ ነው። ይህ ስሜት በልምምድ የሚገነባ በመሆኑ ልምምድ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ የግድ ነው።

በዚህ መሠረት ችሎታውን በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ጉልበት ነው፤ የትንፋሽና የማንቁርት ጡንቻዎች ብርታት። ሁለተኛው ጆሮና ጉሮሮን ማናበብ ነው፤ የታሰበውን ድምፅ ሳያዛንፉ ማውጣት። ሦስተኛው ትውስታ ነው፤ ዜማውን፣ ግጥሙንና አካሄዱን መያዝ። አራተኛው ለዛ ነው፤ የት ማርገብገብ፣ የት ማሳጠር፣ የት ትንፋሽ መስረቅ እንደሚገባ ማወቅ። አራቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ አንድ ነገር ይመስላሉ። ልምምድ ሲቋረጥ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ።

ጡንቻና ትንፋሽ

የማንቁርት ጡንቻዎች ከብዙዎቹ የሰውነት ጡንቻዎች በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ባለቤታቸው ማዜም ቢተውም ሥራ አይፈቱም። በጀሶ የታሰረ እግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲከሳ በዓይን ይታያል። ማንቁርት ግን ሰው በተናገረ፣ በሳቀ፣ ባሳለና በዋጠ ቁጥር ይሠራል። ስለዚህ ለዓመታት ያላዜመ ሰው ድምፁ ከመሠረቱ አይፈርስም።

ይሁን እንጂ ንግግር የሚያሠራው የድምፁን ጥቂት ክፍል ነው። የአዋቂ ወንድ የንግግር ድምፅ በአማካይ በሰከንድ ከ100 እስከ 150፣ የሴት ከ180 እስከ 220 ንዝረት አካባቢ ይመላለሳል፤ ዜማ ደግሞ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ግፊቱም ይለያያል። ለተራ ጨዋታ ከአውታሮቹ ሥር የሚጠራቀመው የአየር ግፊት ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ያህል ሲሆን፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሲዘፈን 30ን ያልፋል። ቀጭኑን የድምፅ ጫፍ፣ ረጅሙን ሐረግና ሳይቆራረጥ ተስቦ የሚቆየውን ድምፅ ንግግር ፈጽሞ አይነካቸውም። ከዜማ በቀር የሚያሠራቸው ስለሌለ መጀመሪያ የሚደክሙት እነዚህ ናቸው።

የድካሙን ፍጥነት ለመገመት የስፖርት ሳይንስ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ለዓመታት የሠለጠኑ ስፖርተኞች ልምምድ ሲያቆሙ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 7 በመቶ፣ በስምንት ሳምንት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ቀንሶ በዚያው ረግቷል። ጽናት ቶሎ ይሸሻል፤ የጡንቻ ጥንካሬ ዘግየት ይላል። ዘፈን የሩጫን ያህል ኦክስጅን ባይጠይቅም፣ የጎድን አጥንትና የሆድ ጡንቻዎች አየሩን ይዘው ቀስ በቀስ እንዲለቁት የሚያስችላቸው ብርታት የሚደክመው በዚሁ ጠባይ ነው። የሳንባ መጠን ራሱ ብዙ አይለወጥም። የሚቀንሰው ያለውን አየር ቆጥቦ የማውጣት ብልሃት ነው።

በቀጥታ ለድምፅ ጡንቻ የሚሆን ማስረጃ የተገኘው ከወፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢሪስ አዳም፣ ኩን ኤልማንስና ባልደረቦቻቸው «ዜብራ ፊንች» የተባሉ ትንንሽ ወፎች እንዳይዘምሩ ሲደረግ በቀናት ውስጥ የድምፅ ጡንቻቸው ባሕርይ እንደሚለወጥ፣ ዝማሬያቸውም አብሮ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። እንስቶቹ ወፎች ልዩነቱን ለይተው ልምምድ ያልተቋረጠበትን ዝማሬ መርጠዋል። ወፍ ድምፅ የምታወጣበት አካል ከሰው ማንቁርት የተለየ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሰው መገልበጥ አይገባም። ቢሆንም የድምፅ ጡንቻ እንደ እግርና እንደ ክንድ ጡንቻ ሁሉ ዕለታዊ ሥራ እንደሚፈልግ ያመለክታል።

ይህ በሰው ላይ እንዴት እንደሚታይ አንድ መዝሙር ተከትሎ ማየት ይቻላል። በወጣትነቷ በመዘምራን ፊት ትቆም የነበረች ሴት ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የቀድሞ መዝሙሯን ጀመረች እንበል። የመጀመሪያው ስንኝ ያለችግር ይወጣል፤ ዜማው ለንግግር ድምፅ ቅርብ ነውና። ሁለተኛው ስንኝ ረጅም ነው፤ ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው የነበረውን አሁን መሐል ላይ ትቆርጠዋለች፤ ቃሉም ለሁለት ይሰበራል። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ትከሻዋ አብሮ ይነሣል፣ አንገቷ ይወጠራል፤ ድምፁ ከሆድ መገፋቱ ቀርቶ ከጉሮሮ ይጨመቃል። ከፍተኛው ቦታ ላይ ትደርሳለች፤ ግን ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ያውም በሻከረ ድምፅ። በአራተኛው ስንኝ ጉሮሮዋ ደርቋል። ከዜማው አንድም ነገር አልረሳችም። የደከመው ዜማውን የሚሸከመው አካል ነው።

ጆሮና ጉሮሮ

ድምፅ ከቦታው ምን ያህል እንደተዛነፈ የሚለካው «ሴንት» በሚባል መለኪያ ነው። በፒያኖ ላይ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ነው፤ ከታችኛው «ዶ» እስከ ላይኛው «ዶ» ደግሞ 1200። ከ50 ሴንት በላይ የተዛነፈ ድምፅ ከራሱ ይልቅ ለጎረቤቱ ስለሚቀርብ ብዙ አጥኚዎች ስሕተት ብለው የሚቆጥሩት ከዚህ ወሰን ያለፈውን ነው።

ለያዝነው ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የስቲቨን ዴሞረስትና የፒተር ፎርድሬሸር ሥራ ነው። አጥኚዎቹ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችንና የኮሌጅ ወጣቶችን የሰሙትን ነጠላ ድምፅ፣ የሁለት ድምፆች ርቀትና አጭር ዜማ መልሰው እንዲያዜሙ ጠየቋቸው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 6ኛ ክፍል ትልቅ መሻሻል ታየ። የኮሌጆቹ ወጣቶች ግን ከሦስቱ ተግባራት በሁለቱ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ደረጃ ዝቅ ብለው ተገኙ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ልጅ በአንደኛ ደረጃ ሙዚቃ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው የፈለገ ብቻ ነው። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው ማዜም ካልተጠቀሙበት የሚላላ ክህሎት ነው የሚለውን አሳብ አቅርበዋል።

ውጤቱ ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተለኩት ሦስት የተለያዩ የሰዎች ቡድኖች ናቸው፤ አንዱ ልጅ እስኪያድግ ድረስ አልተከተሉትም። ስለዚህ የኮሌጁ ወጣት በ12 ዓመቱ ከዚህ የተሻለ ያዜም እንደነበር በቀጥታ አልታየም። እንዲህም ሆኖ የልጅነት ዕድገት በራሱ ችሎታውን ጠብቆ እንደማያቆይ ጥናቱ በሚገባ ያሳያል። ዕድሜ ብቻውን ድምፃዊ አያደርግም።

ከዚህ ጎን መነበብ ያለበት የሲሞኔ ዳላ ቤላ፣ የዣን ፍራንስዋ ዢጌርና የኢዛቤል ፔሬትስ የ2007 ጥናት ነው። እነዚህ አጥኚዎች በሞንትሪያል ካስዘፈኗቸው ሰዎች መካከል በመናፈሻ ያገኟቸው መንገደኞች ነበሩ፤ የዘፈኑትም ሁሉም የሚያውቀውን የአካባቢውን ዜማ ነው። ተራዎቹ ሰዎች ከባለሙያዎቹ ፈጥነውና የበለጠ እየተዛነፉ ዘፈኑ። ቀስ ብለው እንዲዘፍኑ ሲደረግ ግን አብዛኞቹ ወደ ባለሙያዎቹ ትክክለኛነት ተጠጉ። ችሎታው አለ፤ የጎደለው ማስተዋልና እርጋታ ነው ማለት ነው። «አሙዚያ» የሚባለው ዜማን የመለየት የተፈጥሮ ችግር ያለበት ሰው ከሕዝቡ 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለው ሰው ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ይበዛል። አብዛኛው የሚያወራው ስላልሠራበት ጆሮና ጉሮሮ ነው።

ልምምድ በዚህ ክፍል ላይ ምን እንደሚጨምር ዲርክ ሙርበ፣ ዮሃን ሱንድበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የድምፅ ተማሪዎችን ትምህርት ሲጀምሩና ከሦስት ዓመት በኋላ ለኩ። ተማሪዎቹ በጆሮ ማዳመጫ ጫጫታ እየተለቀቀባቸው፣ የገዛ ድምፃቸውን ሳይሰሙ እንዲያዜሙ ተደረገ። ከሦስት ዓመት ትምህርት በኋላ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ቅኝት የመጠበቅ ብቃታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ጉሮሮ በስሜት ብቻ ቦታውን ማግኘት ተምሯል። የቦሪስ ክሌበርና ባልደረቦቹ የ2010 ጥናትም በኦፔራ ዘፋኞች አንጎል ውስጥ የሰውነትን ስሜት የሚቀበለው ክፍል ከተራ ሰው ይልቅ አብዝቶ እንደሚሠራ አሳይቷል።

በሕዝብ ፊት የሚያዜም ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህን ስሜት ነው። ከበሮውና እልልታው፣ ኪቦርዱና ጊታሩ የራሱን ድምፅ ሲሸፍኑበት የሚመራው እሱ ነው። ልምምድ ያቋረጠ ዘማሪ ቤቱ ሲያንጎራጉር ሳይዛነፍ መድረክ ላይ ከቅኝት የሚወጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጆሮው የሚያርምለትን በጉሮሮው ስሜት ማረም ተስኖታል።

ትውስታ

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መርሳት ሁለት ነገር አስተማረ። በቃል የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ሁለተኛው የበለጠ ያጽናናል። ፈጽሞ የተረሳ የሚመስል ነገር እንደገና ሲጠና ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይያዛል። የረሳነው ነገር የሆነ ፈለግ ትቶ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ ወደ መዝሙር የሚመለስ ሰው በሁለትና በሦስት ልምምድ ግጥሙ «ሲመጣለት» የሚያየው ይህንን ነው።

የማዜም ትውስታ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ግጥሙን ማስታወስ የስምና የቀን ትውስታን ይመስላል። ጉሮሮው የሚያውቀው መንገድ ግን እንደ ዋናና እንደ ብስክሌት የሰውነት ዕውቀት ነው፤ አንጎል ውስጥም የተለየ ቦታ አለው። ሄንሪ ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ከተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ሆኖም ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲሥል ስታለማምደው ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ በየቀኑ ግን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ያስብ ነበር።

ለዜማ ይበልጥ የሚቀርበው የእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ የክላይቭ ዌሪንግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሄርፒስ ቫይረስ አንጎሉን ካቆሰለው በኋላ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አንድ ነገር ይዞ መቆየት አልቻለም፤ ያለፈ ሕይወቱም አብዛኛው ጠፋበት። ፒያኖ መጫወት፣ ኖታ እያነበበ ማዜምና መዘምራንን መምራት ግን አልጠፉበትም። የሰው ልጅ የራሱን ታሪክ ካጣ በኋላ እንኳ የተለማመደው ዜማ በሰውነቱ ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ የሚልቅ ምስክር ማግኘት ከባድ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ትውስታን በዘዴ የመጠበቅ ትልቅ ምሳሌ ነው። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ እየደገመና እየከለሰ ለዓመታት ይቀመጣል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባሉት ዓመታት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጇቸው የዜማ ምልክቶች፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ ከቃሉ በላይ እየተጻፉ ለሚያውቅ ሰው መንገዱን ያስታውሱታል። ለማያውቅ ሰው ግን ዜማውን አያስተምሩትም፤ መጀመሪያ በጆሮ የገባ ነገር መኖር አለበት።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለ ልምምድ መቋረጥ ብዙ የሚያስተምር አንድ ነገር አለ። የገብር ኄር መዝሙር የሚደርሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዓቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ይተኛል። ደብተራው በሚቀጥለው ዓመት ሲያነሣው ግን አይወላገድም። ይህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መዝሙሩ የተሠራባቸው የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ስልቶችና ምልክቶቹ በየሳምንቱ በሌሎች ዜማዎች ላይ ሲሠራባቸው ይከርማሉ፤ ልዩው ዜማ ቢተኛም የጋራው ችሎታ ነቅቶ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ቀን መቁጠሪያው ራሱ እያንዳንዱን ዜማ በየተወሰነ ጊዜ ይመልሰዋል። ረጅም ርቀት እየተጠበቀ የሚደረግ ክለሳ ትውስታን እንደሚያጸና የዛሬ የትምህርት ጥናቶችም በሰፊው አረጋግጠዋል። አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ የተወ ሰው የሚጎዳው ከሁለቱም ስለሚለይ ነው።

ለዛ ደግሞ ከትውስታና ከጆሮ የተሠራ ነው። የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺሆዬን ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ባያዜምም ሲያዳምጥ ይህን ዕውቀት ያሠራዋል። ለዛ ከአራቱ ክፍሎች ዝምታን አብዝቶ የሚችለው ነው። አንዳንዴም በዓመታት ማዳመጥና በኑሮ ይበስላል። ጎልማሳ ድምፃዊ ከወጣትነቱ ባነሰ ጉልበት የበለጠ ልብ የሚነካበት ጊዜ አለ።

ዕድሜና ሕመም

አንድ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ ድምፁ ቢለወጥበት ለውጡን ሁሉ ልምምድ ማቋረጡ ላይ መጫን ስሕተት ነው። በእነዚያ ዓመታት እሱም አርጅቷል። በእርጅና የወንድ ድምፅ የመቅጠን፣ የሴት ድምፅ ደግሞ በተለይ ከማረጥ በኋላ የመወፈር ዝንባሌ አለው። አውታሮቹ ይሳሳሉ፤ ሲገጥሙም መሐላቸው ክፍተት ሊቀር ይችላል፤ በዚያም አየር ያመልጣል። የደረት አጥንቶች መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው አየር ይቀንሳል። በሠለጠነ ድምፅ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ የሚሆነው የዜማ መርገብገብም (ቪብራቶ) እየዘገየና እየሰፋ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልምምድ የሚያደርገው ከእርጅና መሸሽ ሳይሆን ማዘግየት ነው። ማዜም ያላቋረጡ አረጋውያን ድምፅ ከማያዜሙት እኩዮቻቸው ይልቅ ጸንቶና ወጣት መስሎ እንደሚሰማ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ሕመም ሲመጣ ግን ልምምድ ሁልጊዜ አያስጥልም። አሜሪካዊቷ ሊንዳ ሮንስታት ለአሥርት ዓመታት ያለማቋረጥ የዘፈነች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በነርቭ ሕመም ምክንያት መዝፈን እንደማትችል አስታወቀች። እንግሊዛዊቷ ጁሊ አንድሩስ በ1997 ከተደረገላት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቀድሞ የዘፈን ድምፅዋን አላገኘችም። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር ሲኖር ምክንያቱ የልምምድ ማነስ ነው ብሎ ከመገመት በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መታየት ይገባል።

የተመለሱ ድምፆች

በረጅም ዝምታ ውስጥ አልፈው የተመለሱ ሰዎች ታሪክ የጥናት ያህል ባይመዘንም ብዙ ያሳያል። የኦፔራ ዘፋኟ ማሪያ ካላስ የመጨረሻ ኦፔራዋን የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 በለንደን ነው። በ1973 እና በ1974 ከዘፋኙ ጁሴፔ ዲ ስቴፋኖ ጋር ዓለምን ዞራ ስትዘፍን አድማጭ በፍቅር ተቀበላት፤ ተቺዎች ግን ድምፅዋ መዳከሙን ጻፉ። የካላስ ድምፅ መዳከም የጀመረው ከማቆሟ በፊት ስለነበረና ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ስለሚከራከሩበት፣ ታሪኳ ዝምታ ብቻውን ድምፅ ይገድላል ለማለት አይበቃም። ኦፔራ ያለ ማይክሮፎን ከኦርኬስትራ በላይ መሰማትን ስለሚጠይቅ ለጉልበት መቀነስ ይቅርታ እንደማያደርግ ግን ያሳያል።

እንግሊዛዊቷ የባሕል ዘፋኝ ሸርሊ ኮሊንስ ድምፅዋ እየታወከ ማዜም ተስኗት ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ራቀች። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና በሕዝብ ፊት ቆመች፤ በ2016 ከ38 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ የሆነውን አልበሟን አወጣች። ዕድሜዋ 80ን አልፎ ነበር። ድምፅዋ ከወጣትነቷ ወፍሯል። የዜማው አያያዝና ለዛዋ ግን በቦታው ነበሩ። ዘፋኟ ቫሽቲ ባንያንም በ1970 አንድ አልበም አሳትማ ሙዚቃን ተወች፤ ሁለተኛውን ያወጣችው በ2005 ነው። የሁለቱም ሴቶች የዘፈን ዓይነት ለንግግር ድምፅ የቀረበ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከንግግር ብዙ የማይርቅ አዘፋፈን ረጅም ዝምታን ይችላል፤ ከንግግር እጅግ የራቀው አይችልም።

በዋሽንግተን አካባቢ የኖረው ኃይሉ መርጊያ ዘፋኝ ባይሆንም ታሪኩ ለጉዳዩ ቅርብ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ከመድረክ ከራቀ በኋላ በታክሲ ሥራ ይተዳደር ነበር። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ በኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራው እንደገና ሲታተም ለመድረክ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ያቋረጠው መድረኩን እንጂ ልምምዱን አልነበረም። በተሳፋሪና በተሳፋሪ መካከል የተገኘች ትርፍ ሰዓት ለዓመታት ችሎታውን ጠብቃለታለች።

ዕረፍትና መመለስ

ልምምድ ማቋረጥ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። አውታሮች በጉንፋን ሲያብጡ፣ በጩኸት ሲቆስሉ ወይም በላያቸው ትንንሽ እብጠት ሲያወጡ መድኃኒታቸው ዝምታ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሐኪሞች ለቀናት ፍጹም ዝምታ ያዝዛሉ። በሻከረ ድምፅ እየተገፋ የሚደረግ ልምምድ ከማቋረጥ የበለጠ ያበላሻል። የጥቂት ቀናት ዕረፍት ችሎታን አይወስድም፤ ለደከመ ጉሮሮ ይጠቅመዋል።

ድምፅ ባይወጣም የሚሠራ ሥራ አለ። ዜማን ማዳመጥ፣ ግጥሙን በልብ መከለስ፣ የትንፋሽ ቦታዎችን በአሳብ ማለፍ ትውስታንና ለዛን ይጠብቃሉ። ጡንቻን ግን አይተኩም። ተልባ፣ ማርና ዝንጅብል የደረቀ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ የሚጠጣ ነገር የሚያልፈው በምግብ መውረጃ በኩል ስለሆነ ግን አውታሮቹን አይነካቸውም፤ የደከመ ጡንቻንም አያበረቱም። ለአውታሮቹ የሚጠቅማቸው ሰውነት በቂ ውሃ ሲያገኝ የሚኖራቸው እርጥበት ነው።

ከረጅም ማቋረጥ በኋላ የሚመለስ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ካቆመበት መጀመሩ ነው። ትውስታው ሙሉ ስለሆነ የቀድሞውን ከፍታ ይፈልጋል፤ ጡንቻው ገና ስለሆነ በጉሮሮው ይገፋል፤ በሁለተኛው ቀን ድምፁ ይዘጋል፤ ከዚያም «ጠፍቷል» ብሎ ይደመድማል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከዝቅተኛው ይነሣል። ከንፈርን ገጥሞ በአፍንጫ ማንጎራጎር፣ ከንፈርን እያርገበገቡ ድምፅ ማውጣት ወይም በመጠጫ ስትሮ ውስጥ ማዜም ለአውታሮቹ ቀላል ማሟሟቂያ ነው፤ የአፍ መጥበብ ከላይ የሚፈጥረው ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛቸዋል። ከዚያ በንግግር ድምፅ አካባቢ ያሉ አጫጭር ዜማዎች ይከተላሉ፤ ርዝመቱ፣ ከፍታውና ጉልበቱ በየተራ ይጨመራሉ። በየቀኑ የሚደረግ የ15 ወይም የ20 ደቂቃ ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይሻላል፤ ጡንቻም ትውስታም በመጠን ተከፋፍሎ የመጣላቸውን አጥብቀው ይይዛሉ። ድምፅን እየቀረጹ መልሶ መስማትም ቀስ እያለ የገባውን መዛነፍ ያጋልጣል፤ ጆሮ የራሱን ስሕተት ለምዶት ሊሆን ይችላልና።

እስካሁን የታየው ሲጠቃለል የድካሙ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ትንፋሽ፣ ጽናትና የድምፅ ጫፍ ቀድመው ይሄዳሉ፤ በልምምድም በየተራ ይመለሳሉ። ቅኝት የመጠበቅ ብቃት ዘግይቶ ይላላል፤ ለመመለስም የሚሰማ ጆሮና የሚያርም መምህር ይፈልጋል። ግጥም ይደበዝዛል፤ ሲከለስ ግን ቶሎ ይመለሳል። በልጅነት በብዙ ድግግሞሽ የገባ ዜማና በዓመታት የተገነባ ለዛ ከሁሉም በላይ ይቆያሉ። ዕድሜ የወሰደውን ከፍታና ሕመም የጎዳውን አካል ልምምድ ሙሉ በሙሉ ላይመልሳቸው ይችላል። በዝምታ ብቻ የደከመ ድምፅ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ አብዛኛውን ጉልበቱን ያገኛል፤ በአዲስ ከሚጀምረው ሰው ይልቅም መንገዱ ያጥርለታል።